ሽማግሌው የለኩት ሰው

የጋሽ ሳህሌን ሞት የሰማሁት በቴክስት ነው። ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ሾርላይን፣ አንድ ግሮሰሪ በር ላይ መኪናዬን አቁሜ ቦርሳዬን ከኋላ ወንበር ሳነሳ ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ያሬድ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ መስመር፣ አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ ይላል። ልገዛ የመጣሁትን ረሳሁት። ሞተሩን መልሼ አስነሳሁና የት እንደምሄድ ስላላወቅኩ እዚያው ተቀመጥኩ።

ያሬድን አልወቅሰውም። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ መርዶ በእግር እንደሚሄድ ማን ነግሮት? ቢነገረውስ ስንቱ ቤት ይድረስ? እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለጋሽ ሳህሌ መርዶ ይዘው ቤታቸው በር ላይ ከቆሙት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። የሲያትል ሐበሻ ብዙ መርዶ ተሸክሟል፤ እንደዚያ ያለ ግን የተሸከመ አይመስለኝም። ሟቹ ጃፓናዊ ነበሩ። ከመካከላችን አንድም ሰው አይቷቸው አያውቅም፤ ጋሽ ሳህሌም ጭምር።

ከጋሽ ሳህሌ ጋር የተዋወቅነው ዳውንታውን፣ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ስንሠራ ነው። እኔ ማታ ማታ የምማር ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። እሳቸው ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ አጭር፣ ጠይም፣ ሲራመዱ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ ሰው። በገባሁ ሰሞን ወገቤን ይዤ ከወንበር ስነሳ አዩኝ። መፍቻ አምጥተው የወንበሩን እግር ፈቱ፤ ዝቅ አደረጉት፤ ተቀመጪ አሉኝ፤ አጎንብሰው ጉልበቴን ከጎን አዩና መልሰው ትንሽ ከፍ አደረጉት። "ሰው በሌላ ሰው ልክ ተቀምጦ እንዴት ይውላል?" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ወንበሩን የሚቆጡ ይመስሉ ነበር። ወገቤ ከዚያ ወዲያ አላመመኝም። በፈረቃ ከእኔ ቀጥሎ የሚገባው ረጅም ልጅ ሲነጫነጭ እሱንም አስቀምጠው አዩትና፣ ለሁለታችንም የወንበሩ ብረት ላይ በቀለም ምልክት አደረጉልን።

ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት እግሩን ነው። መኪናውን ሊወስድ የሚመጣውን ጠበቃና ሐኪም ሁሉ ከወገብ በታች መርምረው ይጨርሱትና፣ ይሄ በሳይክል ጥሩ ዳገት ወጪ ይወጣው ነበር፣ ያኛው ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አይቆይም ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ቆመው እንኳ ዓይናቸው ወደ ሰው እግር ሲሄድ ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ በክርናቸው ይጎሽሟቸዋል። እግር አይዋሽም፣ የሚዋሸው አፍ ነው ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እግሬን ሲያዩኝ፣ ጋሼ ገበያ የመጣች በግ አደረጉኝ እንዴ ብያቸው ለሳምንት ሲስቁብኝ ሰነበቱ።

ቤታቸው ካለበት ከቢከን ሂል ዳገት ወደ ሥራ የሚመጡት በሳይክል ነበር። ያኔ ባቡሩ ገና አልተሠራም። ሳይክሉን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት የሰው ግቢ የገዙት ነው፤ በጣም ትልቅ ነበር፤ ሲቆሙ በአንድ እግራቸው ጣት ብቻ ነው መሬት የሚነኩት። አይከብድዎትም ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ነው የድሬዳዋውን ታሪክ የነገሩኝ።

በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ክለብ ተወዳዳሪ ነበሩ። ክለቡ ለእያንዳንዱ ልጅ ሳይክል የመግዛት አቅም የለውም፤ ያገለገለ ያስመጣል፣ ያከፋፍላል። ለእሳቸው የደረሳቸው የአንድ ረጅም ፈረንጅ ሳይክል ነበር። ኮርቻውን ቢያወርዱት ቢያወርዱት እግራቸው አልደርስ አለ። አሠልጣኙ መላ አገኘሁ ብሎ ቴላዮውን፣ ማለትም ጎማውንም መሪውንም የሚሸከመውን የሳይክሉን አጥንት፣ በመጋዝ አስቆረጠና አሳጥሮ አስበየደው። ከሐረር መልስ የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ብየዳው ለቀቀ። ጉልበታቸው እዚያ ቀረ፤ ውድድሩም አብሮ ቀረ። ይህን የሚያወሩት እየሳቁ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጠባሳውን እያሳዩ ነው። ሳይስቁ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱት ለሌላ ሰው የተሠራ ሳይክል እንደሆነና፣ እግራቸው ሳይከዳቸው በፊት ከመጀመሪያው ለእሳቸው ተብሎ የተሠራ ሳይክል ላይ መቀመጥ እንደሚፈልጉ። ከአሜሪካ ሌላ ነገር ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም።

ከሐይቁ ማዶ፣ ሬድመንድ ፓርክ ውስጥ የሳይክል መሮጫ አለ፤ እንደ ሳህን ጠርዙ ከፍ ያለ የሲሚንቶ ክብ። ሙቀቱ ሲመጣ ውድድር ስላለ አንዳንድ ቀን በመኪናዬ እወስዳቸዋለሁ። እዚያ የሚሮጠው ሳይክል ፍሬን የለውም፣ ማርሽ የለውም፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ ይዞራል፣ እግርም አብሮ። አንድ ቀን አንድ መላጣ አሜሪካዊ፣ የጋሽ ሳህሌ ዓይን ሳይክሉ ላይ መተከሉን አይቶ፣ ና ተቀመጥበት አላቸው። የሰውየው ቁመት እንደ እሳቸው ነበር። ተቀመጡ፤ አልነዱትም፤ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወርደው ቱቦዎቹ የተጋጠሙበትን ቦታ በጣታቸው ዳበሱ። ሰውየው እንደነገረን ቴላዮውን የሠሩት ጃፓን ውስጥ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ጊዜ አንድ ነው የሚሠሩት፣ ያዘዘውን ሰው ልክ ሳይዙም አይጀምሩም። ስንመለስ ሐይቁ ላይ ያለው ድልድይ መሐል ስንደርስ ጋሽ ሳህሌ፣ "ሮማን፣ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው አይደል?" አሉኝ።

ጻፍኩላቸው። ሲያስጽፉኝ ግማሹ ሰላምታ ነው፦ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰብዎ እንዴት ነው፣ አገሩ ሰላም ነው ወይ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈ። ጋሼ፣ ይሄ ኢሜል እንጂ የልቅሶ ቤት ጥየቃ አይደለም እላቸዋለሁ። ይሁን ጻፊው ይሉኛል፣ እጽፋለሁ። ሽማግሌው ይመልሳሉ፤ በአጭር በአጭር እንግሊዝኛ፣ ስለ ሥራው ብቻ። ሰላምታውን አንድም ቀን መልሰው አያውቁም። ጋሽ ሳህሌ ይህን ቅር ሳይሰኙ ነው የተቀበሉት፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው ብለው ሁልጊዜም ያንኑ ሰላምታ ያስጽፉኝ ነበር።

ሽማግሌው የጠየቁት ልክ ግን ጉድ ነው። የእግር፣ የክንድ፣ የደረት፣ የትከሻ ስፋት፣ የእግር መዳፍ፤ ሸሚዝ ወልቆ ከጀርባ የተነሳ ፎቶ፤ የድሮ ስብራት ካለ የት እንደሆነ። በመጨረሻ ደግሞ በየትኛው ጎን እንደሚተኙ ጠየቁ። የቋንቋ ስሕተት መስሎኝ መልሼ ጻፍኩላቸው። ስሕተት አይደለም አሉ፣ በየትኛው ጎን? ጋሽ ሳህሌ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። በቀኝ በያቸው አሉኝ። በዚያች ጥያቄ ሰውየውን ወደዷቸው፤ እኔ ፊታቸውን አይቼ ነው ያወቅኩት።

የለኳቸው እትዬ ጽጌ ናቸው። ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ሜትሩ አንገታቸው ላይ አይጠፋም። እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ባልየው በካናቴራ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እትዬ ጽጌ ግን ሥራው ደስ አላላቸውም። ከተረከዝ እስከ ራስ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ለሱፍ ይለካል፣ ለሱሪ ይለካል፣ ሰው በቁሙ እንዲህ ከራስ እስከ እግሩ የሚለካው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል አሉኝ። አውቃለሁ፤ ለሣጥን ነው። ጋሽ ሳህሌ ከግድግዳው ሳይላቀቁ፣ ጽጌ፣ ስትቆጪ ሜትሩ ይሳሳታል አሏቸው። እሳቸውም አማትበው ጨረሱት።

ሽማግሌው ልኩን ተቀብለው ወረፋው ወደ ሁለት ዓመት እንደሆነ ነገሯቸው። እስከዚያ ሰውነትዎን እንዳለ ይጠብቁ አሉ። ጋሽ ሳህሌ ይህን እንደ ንስሐ አባት ቃል ያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይወፍሩም፣ አይከሱም። ሁዳዴ ሲገባ እንዳይከሱ ሽሮው ላይ ለውዝ ይጨምራሉ፤ ፋሲካ ሲደርስ እንዳይወፍሩ ሥጋውን ይቆጥባሉ። ሠርግ ላይ ጉርሻ መለሱ፤ የሙሽራዋ እናት ተቀየሙ። በቢከን ሂል ሱቅ ያላቸው የሥልጤው ወዳጃቸው ጋሽ ሙደስር፣ ሳህሌ ሆዱን ለጃፓን አስይዟል፣ እስኪያስለቅቅ ድረስ አትጋብዙት እያሉ ሰፈሩን አሳቁበት። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፣ ሳህኑን ግን ይመልሳሉ።

ወረፋቸው ሲቃረብ ከጃፓን ቱቦዎቹን መርጫለሁ የሚል መልእክት መጣ። ከወራት በኋላ ደግሞ ቆርጫለሁ። ጋሽ ሳህሌ ያን ቀን መኪና ሊያወጣ ለመጣ ሰው ሁሉ ነገሩ። አንድም የገባው ሰው አልነበረም፤ ግን ሁሉም እንኳን ደስ አለዎት አላቸው።

ደረታቸውን ማመም የጀመራቸው በዚያው ሰሞን ነው። ዳገቱ መሐል ላይ ይቆማሉ፤ ቆምኩ አይሉም፤ የሳይክሉ ካቴና ወልቆ ነው ይላሉ። ሐኪሞቹ አዩዋቸውና ልባቸው መከፈት አለበት ተባለ። ቀን ተቆረጠ። ቀኑ ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ እኔ ገንዘብ መቀበያዋ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ሴት ናት፤ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል እየመረጠች ነበር የምታወራው። የሽማግሌው ልጅ ነኝ አለች። አባቷ ሞተዋል። ብዙ ጊዜ ታመው ነበር፤ ለማንም እንዲነገር አልፈቀዱም። የአቶ ሳህሌ ቱቦዎች ተቆርጠዋል፣ ግን አልተበየዱም። ሱቁ ይዘጋል፤ ገንዘባቸው ይመለሳል፤ ቱቦዎቹን ምን ላድርጋቸው አለችኝ። ለጊዜው አስቀምጪልን አልኳት። በመስተዋቱ ማዶ ጋሽ ሳህሌ አንዲት አሮጊት መኪናቸውን ወደ ኋላ እንዲያወጡ በእጃቸው ምልክት እየሰጡ ነው።

በቀጥታ ወደ እትዬ ጽጌ ሄድኩ። እሳቸው ጋሽ ሙደስርን ኮል አደረጉ፤ ጋሽ ሙደስርም አንድ ቄስ ይዘው መጡ። ጉዳዩ ብዙ አላከራከረም። ልቡ ሊከፈት ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ይዳንና ይሰማል ተባለ። ኦፕራሲዮኑ አለፈ፤ ገና አልጠናም ተባለ። ሲጠና ሁዳዴ ገባ፤ በጾም ማልቀስ ይጎዳዋል ተባለ። ፋሲካ ደረሰ፤ በበዓል መርዶ አይረዳም። እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ አስተያየት የለኝም፤ ታላላቆች የያዙትን ነገር እንዴት አድርጌ ልልቀቅ? ጋሽ ሳህሌ በየሳምንቱ ሽማግሌው ምን አሉ ይሉኛል። አልጻፉም እላለሁ፤ እውነት ነው፣ አልጻፉም። ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው ይሉና ይደሰታሉ።

ከዚህ የከፋው መሻላቸው ነበር። ሐኪም ቤት የሰጧቸውን ትራስ ደረታቸው ላይ አቅፈው ዳገቱን በእግራቸው ይወጣሉ። ከስተው ነበር፤ አጥንታቸው ገጦ ነበር። እትዬ ጽጌን በየጊዜው ሜትር ያስመጧቸዋል። ልኬ እየተመለሰ ነው ይሉኛል፤ ሽማግሌው ሲጨርሱ ያንን የለኩትን ሰው ማግኘት አለባቸው። እትዬ ጽጌ ሜትሩን እንደያዙ ከኋላቸው ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ። ሁለታችንም እጃችን የታሰረ ነበር።

መጨረሻው የመጣው ሰኔ ላይ ነው። ቄሱ፣ ጋሽ ሙደስር፣ እኔና ሌሎች ወዳጆች፣ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ተሰበሰብን። ሁሉንም አሰብን፦ ቄስ ይኑር፣ ውኃ ይኑር፣ የልብ መድኃኒታቸው በእጅ ይሁን። አንድ ነገር ግን ማናችንም አላሰብንም። ያሬድ ኤቨረት ከተማ ባለው አውሮፕላን ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር፤ ገና አልተመለሰም።

እትዬ ጽጌ ከፈቱልን። ጋሽ ሳህሌ በሌሊት ልብሳቸው ከመኝታ ቤት ወጡ። ቄሱን አዩ፤ ጋሽ ሙደስርን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ከመሐላችን ማን እንደጎደለ ፈለጉ።

"ልጄን?" አሉ።

የጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሙደስር የተዘጋጁበት ንግግር ሁሉ ጠፋባቸው። "ያሬድ ደህና ነው፤ ወላሂ ደህና ነው። ጃፓኑ ናቸው" አሉ።

"የቱ ጃፓን?"

"የሳይክሉ።"

ጋሽ ሳህሌ ተመስገን አሉ። ተመስገን፣ ተመስገን እያሉ ወለሉን ተደፍተው ሳሙ። እኛም ከድንጋጤ የተነሳ አብረናቸው ተመስገን አልን። እንደተደፉ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ምን አልኩ? ሰው ሞተ ሲሉኝ ተመስገን አልኩ?"

ከዚያ አለቀሱ። መቼ እንደሆነ ጠየቁና ነገርናቸው፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊት። አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር። እኔን ፈልገው በዓይናቸው አገኙኝና፣ "ሮማን፣ ደህና ነዎት ወይ ባልኳቸው ቁጥር ዝም ይሉኝ ነበር እኮ። ሌላውን ሁሉ ሲመልሱ እሷን ብቻ ይዘሏት ነበር። ምነው ዝም አሉ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም" አሉ። ያሬድ ከሥራ ሲመለስ በሩ ክፍት፣ ቤቱ በሰው የተሞላ፣ አባቱ ወለል ላይ ሆነው አገኛቸው። በእንግሊዝኛ ማን ሞተ ሲል ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ዓይኖቹን ጨፍኖ ግድግዳውን ተደገፈና ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየሁት ድምፅ አወጣ።

ልቅሶ ተቀመጡ። አይሆንም ያላቸው አልነበረም። ሰው ሊጠይቅ ይመጣል፤ የሞተባቸው ማን ነው ይላል፤ ሳይክል ሠሪያቸው ሲባል ፈገግታውን በነጠላው ይሸፍናል። አንዷ ሴትዮ ዝምድናችሁ ምንድነው ብለው ቢጠይቋቸው፣ ጋሽ ሳህሌ፣ በየት ጎን እንደምተኛ ከጽጌ ሌላ እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚያውቁት አሏቸው።

ቱቦዎቹ በልጅትዋ ተልከው መጡ፤ በጃፓንኛ ጋዜጣ አንድ በአንድ ተጠቅልለው። ቀጫጭን፣ ቀላል፣ ቀለም ያልነካቸው ብረቶች፤ ጫፋቸው እርስ በእርስ እንዲጎራረስ ተፍቆ የተቆረጠ። ጋሽ ሳህሌ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ዘረጓቸው። ከሥራቸው ጨርቅ እያጠፉ አስደገፉ፣ እያንዳንዱን ቀስ እያደረጉ አዞሩ፣ አፉ አፍ እስኪገጥም። ሲጨርሱ ሳይክሉ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ነበር፤ የሚያያይዘው ነገር ብቻ ነው ያጣ። ዙሪያውን ቆመን አየነው።

ባላርድ ሰፈር አንድ ጎበዝ ሳይክል ሠሪ አገኘሁና ቱቦዎቹን ይዘን ሄድን። ሰውየው ቁራጮቹን እያገላበጠ ተደነቀ፤ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም አለ። ልበይደው እችላለሁ፣ ግን መጀመሪያ እርስዎን ልይዎት ብሎ ጋሽ ሳህሌን ለካቸው። ደረታቸው ከተከፈተ ወዲህ እንደ ድሮው ጎንበስ አይሉም፤ ጀርባቸው አጥሯል፤ ትከሻቸው ገብቷል። ሳይክሉ አሁን ይረዝምብዎታል አለ፣ በትሕትና። ግድ የለም፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ ትንሽ ቆርጬ ባሳጥረው ልክዎ ይሆናል አለ። ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ሳህሌ አመሰገኑት፣ እጁን ጨበጡት፣ ቱቦዎቹን በጋዜጣቸው መልሰው ጠቀለሉ።

ወደ ቢከን ሂል በሚወጣው ባቡር ውስጥ ነው የተናገሩት። ጥቅሉን ጭናቸው ላይ ይዘው፣ "ሽማግሌው የለኩት ሰውዬ እኔ ነበርኩ። አሁን ያለሁት ሌላ ሰው ነኝ። ለሌላ ሰው ብዬ የሱን አላስቆርጥም፤ ድሬዳዋ ላይ በእኔ ተደርጎ አይቼዋለሁ" አሉኝ። እባክዎ ጋሼ፣ ትንሽ ቢያጥር ምን አለበት አልኳቸው። ሁለቴ አልኳቸው። የያሬድንም ልመና አልሰሙም፣ የጋሽ ሙደስርንም። እኔ ያን ሳይክል ሲነዱ ላያቸው እፈልግ ነበር፤ እንደ ገዛ ነገሬ እፈልግ ነበር። ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲያ ሥራ አቆሙ፤ እኔም ሾርላይን ገባሁ፤ የምንገናኘው አልፎ አልፎ ሆነ። ቱቦዎቹ እንዳይዝጉ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በፊት ዘይት ይቀቧቸዋል፤ ቀብተው ምንጣፉ ላይ ይዘረጓቸዋል፤ ማታ መልሰው ይጠቀልሏቸዋል። በፈረንጅ አዲስ ዓመት ለልጅትዋ ሰላምታ ያስጽፉኛል፤ ያው ረጅሙን። ደህና ነሽ ወይ የምትለዋን ግን መጀመሪያ ላይ አድርጊያት ይሉኛል። ልጅትዋ ሁልጊዜ ትመልሳለች፤ ደህና ነኝ፣ አቶ ሳህሌስ?

እሑድ ነው የሞቱት። ዘይቱን ቀብተው፣ ቱቦዎቹን ዘርግተው፣ ነጠላቸውን ሊለብሱ ገብተው ነው። ልቅሶው ቤት ስደርስ የእድሩ ሰዎች ወንበር እያስገቡ ነበር። ምንጣፉን አጥፈው አንስተዋል። ቱቦዎቹን እንደ ድንኳን ብረት ሰብስበው ጥግ አስደግፈዋቸዋል። ምን ያውቃሉ ምስኪኖች?

እትዬ ጽጌ እስከዚያ ሰዓት ጸንተው ነበር አሉኝ። ጥጉን ሲያዩ ግን ሳህሌ የዘረጋውን ማን አነሳው ብለው ጮኹ። ያሬድ ምንጣፉን መልሶ አነጠፈና ተንበረከከ። ሥራው አውሮፕላን መገጣጠም የሆነ ልጅ ነው። ቅርጹን አገኘው፤ አፎቹ ግን አልገጠሙም። አንዱን ሲያዞር ሌላው ይከፈታል፤ ከሥሩ የሚደገፈው ጨርቅ የቱ ጋ እንደነበር አያውቅም። እኔም አብሬው ተንበረከክኩ፤ ስንት ጊዜ አይቼው፣ እኔም አላውቅም።

የሽማግሌው ልጅ ትዝ አለችኝ። ለእሷም መርዶ መነገር ነበረበት፤ ጃፓን ድረስ በእግር ማን ይሂድ? እዚያ ሲነጋ ወጣ ብዬ ደወልኩላት። መጀመሪያ ብቻሽን ነሽ ወይ አልኳት። ባለቤቴ አለ አለች፤ አቶ ሳህሌ መሞታቸው ወዲያው ገባት። ቆይታ፣ ተበየደ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልተበየደም አልኳት። ከዚያ እየተንተባተብኩ የቱ ቱቦ እንዴት ተኝቶ ከየቱ ጋር እንደሚገጥም ጠየቅኳት። አላውቅም አለችኝ፤ አባቷ ሲሠሩ ማንንም አያስገቡም ነበር፤ እሷ ጠቅልላ የላከች ብቻ ናት። አዝናለሁ፣ አዝናለሁ አለች፤ እኔም አዝናለሁ አልኳት።

ስመለስ እትዬ ጽጌ ከፍራሻቸው ወርደው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን ቱቦ ይዘው በስንዝራቸው ይለኩታል፤ ያስቀምጡታል፤ ሌላውን ያነሳሉ።

"እኔ አይደለሁ የለካሁት?" አሉኝ። "ከራሱ እስከ እግሩ በዚህ እጄ ለክቼ የሰጠኋቸው እኔ አይደለሁ? እንዴት መልሼ መዘርጋት አቃተኝ?"

ያሬድ እናቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ አልተነሱለትም። ለልቅሶው ወገባቸውን የታጠቁበትን ነጠላ ፈቱ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰቡ፣ ጫፋቸውን እኩል አደረጉ፣ በነጠላው ጠቅልለው ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተመለሱና ጥቅሉን ከጎናቸው፣ በቀኝ በኩል አስተኙት። ሠልስቱ እስኪወጣ እዚያው ነበር፤ ሊያለቅስ የመጣው ሁሉ እሱን ዞሮ ይቀመጥ ነበር።